ቁልፉ ለምን ደበዘዘ? እርዳታውን ራሱ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ቀን 1

ነገሩ የጀመረው በአንድ ግራጫ ቁልፍ ነው። በብራውዘር የሚከፈት የዕቃ መጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም አለን፤ እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች እንከባከበዋለን። ትናንት መጋዘን የሚሠሩ አንጋፋ ባልደረባችን ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ አጽድቅ የሚለው ነገር ሞቷል» አሉኝ። አልሞተም። ሰነዱ ላይ ሦስተኛው መስመር ብዛት አልተሞላለትም፣ ስለዚህ ቁልፉ ደብዝዟል፣ አይጫንም። ይህን ለማወቅ ግን እኔው ራሴ ኮድ መክፈት ነበረብኝ።

የሚያናድደው ሌላ ነው። እሳቸው ከመደወላቸው በፊት የእርዳታ ገጹን ከፍተው፣ እኛ የቀረጽነውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይተዋል። ቪዲዮው ላይ ቁልፉ አረንጓዴ ነው፤ የሳቸው ግራጫ ነው። ስክሪኑም የአምናው ነው፣ ሜኑው ገና በግራ በኩል ሳለ የተቀረጸ። ታዲያ ምን ይርዳቸው?

ማታ ሳስበው ነገሩ አስቂኝ ሆኖ ታየኝ። ቁልፉን ያደበዘዘው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ምክንያቱን ያውቃል። እያወቀ ዝም ይላል፣ ሰውየው ደግሞ ከሌላ ቦታ የተቀረጸ ፊልም ያያል። ስለዚህ ልሞክረው ነው፦ ሰው ኤፍ 1ን፣ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የእርዳታ ቁልፍ፣ ሲጫን ፕሮግራሙ ያለበትን ሁኔታ አይቶ እርዳታውን እዚያው ያዘጋጅ፣ በጽሑፍ፣ በምስል፣ በድምፅ፣ በቪዲዮ። በእጅ የሚጻፍም በእጅ የሚቀረጽም ነገር አይኑር።

ቀን 2

ኮድ ከመንካቴ በፊት ሌላ ሰው ሞክሮት እንደሆነ ሳገላብጥ ዋልኩ። ሞክሮታል፣ ያውም ድሮ። ፒያዋዲ ሱካቪሪያ እና ጄምስ ፎሊ እ.ኤ.አ. በ1990 «ካርቱኒስት» የተባለ ሥራ አቅርበዋል። መሠረቱ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ተግባር ሁለት ነገር ይጻፍለታል፦ ከመደረጉ በፊት ምን መሟላት እንዳለበት፣ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚለወጥ። ቁልፍ የሚያደበዝዘውም የሚያበራውም ይኸው መግለጫ ነው፤ እርዳታውም የሚመነጨው ከእሱው ነው። ሰው እርዳታ ሲጠይቅ የተቀረጸ ፊልም አይመጣለትም። በገዛ ስክሪኑ ላይ፣ በገዛ ዕቃዎቹ መካከል የማውዝ ሥዕል እየሄደ እንዴት እንደሚደረግ ያሳየዋል። በ1994 ደግሞ ጽሑፍና ድምፅ ተጨምሮበታል።

ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ አሁንም ስክሪን እየቀረጽን ቪዲዮ እንለጥፋለን።

ከግቡ ተነስቶ ወደ ኋላ ማሰቡ ከዚያም ይቀድማል። በ1971 ፋይክስ እና ኒልሰን «ስትሪፕስ» የተባለውን እቅድ አውጪ ፕሮግራም የሠሩት ሼኪ ለምትባል ሮቦት ነው፣ ከክፍል ክፍል እየሄደች ሳጥን ለምትገፋ። «ይህ እንዲሆን ምን መቅደም አለበት? እሱስ እንዲሆን?» እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ነው። እሷ ሳጥን ትገፋለች፣ የኔው ቁልፍ ይጫናል። ሒሳቡ አንድ ነው።

ቀን 3 እስከ 6

አራት ቀን በአንድ ላይ የምጽፈው ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ስለነበር ነው። ቅድመ ሁኔታዎችን ከኮዱ ውስጥ መልቀም። የ«አጽድቅ» ቁልፍ መቼ እንደሚደበዝዝ የሚወስነው አንድ ረጅም መስመር ነው፣ ሰባት «ካልሆነ» እና «ወይም» በአንድ ክር የተሰኩበት። ሁለቱን ማን እንደጨመራቸው አላውቅም፤ አንዱን ግን እኔ ነኝ፣ ቀኑና ስሜ ተጽፎበታል፣ ለምን እንደጨመርኩት ግን ጨርሶ አላስታውስም። ዛሬ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

ተግባር፦ ሰነድ ማጽደቅ
መቅደም ያለበት፦ ሰነድ ተከፍቷል፤ ሰነዱ ረቂቅ ነው፤ ቀኑ ተሞልቷል፤ ሁሉም መስመር ብዛት አለው፤ ለውጡ ተቀምጧል፤ ተጠቃሚው የማጽደቅ ሥልጣን አለው
የሚለወጠው፦ ሰነዱ ጸድቋል፤ ረቂቅ መሆኑ ቀርቷል
የሚጫኑት፦ «አጽድቅ»

አንድ ሕግ ለራሴ አወጣሁ። ቁልፉም ከዚህ መግለጫ ካላነበበ በቀር እርዳታው አያነብም። እርዳታው ለብቻው መግለጫ ካለው በሁለት ወሩ ቁልፉ ሌላ፣ እርዳታው ሌላ ይላሉ፣ ያኔ ተመልሰን ያው የአምና ቪዲዮ ነን። ስለዚህ የድሮውን መስመር ሰርዤ ቁልፉን ከአዲሱ ጋር አገናኘሁት። ሌሊቱን ግማሽ ያስነሳኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ስክሪኑ «ይቻላል» የሚለውን ሰርቨሩ «አይቻልም» የሚልባቸው ሦስት ቦታዎች ወጡ። ቁልፉ በርቶ ሰው ይጫነዋል፣ ቀይ ጽሑፍ ይመጣበታል። ሰዎች ይህን ለምደውት ኖሯል! ማንም አልነገረን።

ለዚህ ሥራ ጊዜ ሲመደብ አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚሄደው። ቪዲዮውና ድምፁ ጌጥ ነው። ልቀማው ግን ድንጋይ መፍለጥ ነው።

ቀን 8

የኔው እቅድ አውጪ ዛሬ ተናገረ። ሥራው ያልተሟላውን ይዞ «ይህን የሚያሟላ ተግባር የቱ ነው?» እያለ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ያማረ ነበር፦ ብዛት አልተሞላም፣ ስለዚህ ብዛት ሙላ፣ ከዚያ አስቀምጥ፣ ከዚያ አጽድቅ። ፎክሬ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ የጸደቀ ሰነድ ከፍቼ «ማስተካከል» ላይ ኤፍ 1 ተጫንኩ። ማስተካከል የሚቻለው ረቂቅ ሲሆን ነው። እቅድ አውጪው ረቂቅ ሰነድ የሚያስገኝ ተግባር ፈልጎ አገኘና ምክሩን ለገሰኝ፦ ይህን ሰነድ ሰርዝ፣ አዲስ ክፈት፣ ሁሉንም እንደገና ሙላ። በሎጂክ ስህተት የለበትም። አንድ ሰው ቢያምነው ግን የወር ሥራው ገደል ገባ።

ቀጥሎ የባሰ መጣ። የማጽደቅ ሥልጣን በሌለው ስም ገብቼ ብጠይቀው «ከፕሮግራሙ ይውጡ፣ በኃላፊው ስም ይግቡ» አለኝ። ሌብነት አስተማረኝ ማለት ነው።

ቀን 9

ለእያንዳንዱ ተግባር ዋጋ ሰጠሁት። ተመልሶ የሚስተካከል ነገር 1፣ አድካሚ ከሆነ 5፣ መሰረዝና የማይመለስ ነገር ሁሉ ጨርሶ በምክር ውስጥ አይገባም። እቅድ አውጪው ርካሹን መንገድ ይመርጣል። ያልተሟሉትንም በሦስት ከፈልኳቸው፦ እርስዎ ራስዎ የሚያሟሉት፣ ሌላ ሰው የሚያሟላው፣ እና ምንም ቢደረግ የማይሆን። ለሁለተኛው መልሱ መንገድ ማሳየት አይደለም፣ ማንን እንደሚጠይቁ መንገር ብቻ ነው። ለሦስተኛው ደግሞ «የጸደቀ ሰነድ አይስተካከልም» ብሎ በግልጽ መናገር። «አይሆንም» መባልም እርዳታ ነው፤ ሰው ግማሽ ቀን አይቆፍርም።

ቀን 11

ጽሑፉ ላይ ደረስኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ከአንዲት «ን» ጋር ስታገል ዋልኩ።

የቁልፉ ስም «አስቀምጥ» ነው። «አስቀምጥን ይጫኑ»? ጆሮ ይቧጥጣል። ሌላው ቁልፍ «አዲስ ሰነድ» ይባላል። ማሽኑ «አዲሱን ሰነድ ይጫኑ» ሲል ትርጉሙ ራሱ ተገለበጠ፣ ሰውየው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አዲስ የሆነውን ሰነድ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ያዳነኝ «የሚለውን» ነው። «አዲስ ሰነድ» የሚለውን ይጫኑ። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፣ «ን»ዋን «የሚለው» ይሸከምላታል። ሲደጋገም ትንሽ ይሰለቻል፣ ግን አያሳስትም።

ተጫን ወይስ ተጫኚ የሚለው ብዙ አላስቸገረኝም፤ ማን እንደተቀመጠ ስለማይታወቅ «ይጫኑ» ብሎ ማለፍ ነው።

ከባዱ የዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ነው። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ምክንያት ደግሞ ከፊት ይሰለፋል። ሦስት ነገር ሲጎድል ማሽኑ ያወጣው ይኼ ነው፦ «የሰነዱ ቀን ስላልተሞላ፣ መስመር 3 ላይ ብዛት ስላልገባ፣ ለውጡም ስላልተቀመጠ «አጽድቅ» የሚለውን መጫን አይችሉም።» ስህተት የለውም። ግን ሰው አንብቦ ሲጨርስ እጁ ላይ የሚቀረው «አይችሉም» ብቻ ነው። ቆራረጥኩት፦ «ለማጽደቅ 3 ነገር ይቀራል። መጀመሪያ የሰነዱን ቀን ይሙሉ።» ሌሎቹን ሁለቱን ከሥር በትንሹ። ቁጥሯ የማይናቅ ሥራ ትሠራለች፤ ሰው «3 ይቀራል» ሲባል መጨረሻው ይታየዋል።

ቀን 14

ቪዲዮ! የጓጓሁለት ቀን። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ እቅዱን ወስጄ ፕሌይራይት ለሚባለው የብራውዘር መንጃ እሰጠዋለሁ፣ እሱ በስውር ብራውዘር ከፍቶ እየተጫነ ይቀርጻል፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ይቆራርጠዋል፣ መግለጫ ጽሑፍ ከሥሩ ይገባል።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ማውዝ የለም። ቁልፎች በራሳቸው ይጫናሉ፣ ሳጥኖች በራሳቸው ይሞላሉ፣ መንፈስ የገባበት ቤት ይመስላል። ለካ ስውሩ ብራውዘር ቀስት የለውም፤ ማንም ስለማያየው አይሥልም። ቀስት ሥዬ በገጹ ላይ አስገባሁና መንጃው በሄደበት እንዲከተል አደረግኩት።

ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ፊደል የለም። ሁሉም ጽሑፍ ባዶ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አልተጫነም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጭኜ ተገላገልኩ።

ሦስተኛው ሁሉም አለው፣ ግን አይን አይከተለውም። መንጃው ከቁልፍ ቁልፍ ብልጭ ብሎ ይዘላል። ፖል ፊትስ በ1954 ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ጠቀመኝ፦ እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ በርቀቱና በዒላማው ስፋት ነው የሚወሰን። ቀስቷ ሩቅና ትንሽ ቁልፍ ላይ ስትሄድ እንድትዘገይ፣ ቅርብና ሰፊው ላይ እንድትፈጥን አደረግኩ። ወዲያው ሰው መሰለች። ከመጫኗ በፊት ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ትቆማለች። ይህቺን ግማሽ ሰከንድ ማንም አላስተማረኝም፣ እያየሁ ነው ያገኘኋት።

ቀን 15

ውርደት። ቅጂ ዳታቤዝ ላይ ነበር የምቀርጸው፣ ይህን አልዘነጋሁም። የኢሜይል አድራሻው ግን እውነተኛው ነበር። ሌሊቱን ሁሉንም የእርዳታ ቪዲዮ በአንዴ እንዲያመርት ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሦስት ሰዎች «ሰነድዎ ጸድቋል» የሚል ደብዳቤ በደርዘን በደርዘን ተቀብለዋል። አንዷ «ይህን ሁሉ ሰነድ መቼ ነው ያስገባሁት?» ብላ ደወለች። ድምጿ ውስጥ ትንሽ ደስታ ስለነበር እውነቱን መናገር ከበደኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ማሳያው የሚነዳበት ማሽን ወደ ውጭ ምንም አይልክም። ኢሜይልም፣ ማተሚያም፣ ምንም።

ቀን 17

ድምፅ። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም አገኘሁ፣ አማርኛ ይሞክራል። «ብዛቱን ሲሞሉ ቁልፉ ይበራል» የሚለውን ሰጠሁት። ሯን አጠበቃት። ቁልፉ በረረ! ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ እኛ ከአውዱ እናውቃለን፣ ማሽኑ ግን ይገምታል። «ቁልፉ መሥራት ይጀምራል» ብዬ ቀየርኩት። አንዱን ስሸሽ ሌላው ይጠብቀኛል፣ ለእያንዳንዱ ቃል እንዲህ ስሸሽ ልኖር ነው?

የራሴን ድምፅ ቆራርጬ ለመቀጠልም ሞከርኩ። «መስመር» በአንድ ቀን የተቀዳ፣ «ሦስት» በሌላ ቀን ጉንፋን ይዞኝ የተቀዳ። ተያይዘው ሲሰሙ አንድ ሰው መሃል ላይ የታመመ ይመስላል። ድምፁን ለጊዜው ተውኩት። ማየት ለሚቸግራቸው ጽሑፉ በስክሪን አንባቢ እንዲነበብ በደንብ አዋቅሬዋለሁ፤ እነሱ የለመዱት ድምፅና ፍጥነት አላቸው፣ የኔን አይፈልጉም።

ቀን 20

ጋሼን፣ ያን ቀን የደወሉልኝን የመጋዘኑን አንጋፋ፣ ሄጄ አስቀመጥኳቸው። ሰነድ ሰጠኋቸው፣ አንድ ብዛት ሆን ብዬ አጎደልኩ። ኤፍ 1 ተጫኑ። ጽሑፉ መጣ፣ ከጎኑ 22 ሰከንድ የሚፈጅ ቪዲዮ። ቪዲዮውን ጀመሩ፣ ከዚያ አቆሙት።

«ይሄ የኔ ሰነድ አይደለም» አሉ።

ልክ ናቸው። ቪዲዮው የናሙና ዕቃ ነው ያለበት፤ የሳቸውን እውነተኛ መረጃ በፋይል አድርጌ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ አልፈለግኩም። እሳቸው ግን የናሙናውን ስሞች ከሳቸው ጋር ሲያመሳክሩ ነው ጊዜያቸው ያለቀው። «እኔ ፊልም አልጠየቅኩህም። የቱ ጋ እንደሆነ በጣትህ አሳየኝ።»

በጣትህ አሳየኝ። ሦስት ሳምንት ዞሬ 1990 ላይ ደረስኩ። ካርቱኒስት ያደረገው ይህንኑ ነው፣ በሰውየው ስክሪን ላይ ማውዝ መንዳት። አንብቤው ነበር እኮ! ቪዲዮ ማምረቱ አጓጉቶኝ ዘለልኩት።

ማታ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ፓልሚተር እና ኤልከርተን በ1991 ባወጡት ጥናት ተንቀሳቃሽ ማሳያ ያዩ ሰዎች በልምምዱ ጊዜ ጽሑፍ ካነበቡት ይፈጥኑ ነበር፤ ከ7 ቀን በኋላ ግን ብልጫቸው አልዘለቀም። ያዩትን ይደግማሉ እንጂ አያስቡበትም ማለት ነው መሰለኝ። ስለዚህ ጽሑፉን አልጥልም፣ ቀስቷ ከጽሑፉ ጋር ትሂድ።

ቀን 23

ጥላ ቀስት ብዬዋለሁ። ከእውነተኛው ማውዝ ጋር እንዳትምታታ ሰፋ ያለች፣ ብርቱካናማ፣ ከኋላዋ ያለውን የምታሳይ። ከሰውየው ቀስት ተነስታ ወደ ሚጎድለው ቦታ ትሄዳለች፣ ትከበዋለች፣ ትቆማለች። አትጫንም። የሚጫነው ሰውየው ነው።

አንድ ችግር ለሁለት ቀን አስጨንቆኝ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ የሚደረግበት ስክሪን ገና አልተከፈተም፤ ታዲያ በሌለ ቁልፍ ላይ ቀስት እንዴት ትሂድ? የውሸት ስክሪን መሳል ጀምሬ ነበር። ከዚያ ተውኩት፣ ምክንያቱም ሁሉንም በአንዴ ማሳየት አያስፈልግም። ቀስቷ አንድ እርምጃ ብቻ ታሳያለች። ሰውየው ሲያደርገው ሁኔታው እንደገና ይነበባል፣ እቅዱ እንደገና ይወጣል፣ ቀጣዩ ይታያል። ሰውየው መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ነገር ቢነካ እንኳ እቅዱ ካለበት ቦታ ይነሳል። ኮዱ በግማሽ አጠረ። ናሙና ዳታ የለም፣ ቅጂ ዳታቤዝ የለም፣ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው የለም።

ጥቃቅን ነገሮች፦ ቁልፉ ከታች ተደብቆ ከሆነ ገጹ መጀመሪያ በቀስታ ይንሸራተታል። ሰውየው ማውዙን ካንቀሳቀሰ ጥላዋ ወዲያው ትጠፋለች፣ እጅ አትጋፋም። በኮምፒውተሩ ላይ እንቅስቃሴ እንዲቀነስለት የመረጠ ሰው ቀስት አይመጣበትም፣ የሚጎድለው ቦታ ላይ ቁጥር ብቻ ይታየዋል። ሳይጠሯት ደግሞ አትመጣም። ከማይክሮሶፍት ኦፊስ 97 ጋር የመጣችውን፣ ሳትጠራ ብቅ እያለች «ደብዳቤ እየጻፉ ይመስላል» የምትለዋን የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ቀን 26

ጋሼ እንደገና። ያው ሰነድ፣ ያው ጉድለት። ኤፍ 1። «ለማጽደቅ 2 ነገር ይቀራል። መጀመሪያ መስመር 3 ላይ ብዛቱን ይሙሉ።» ቀስቷ ተነሳች። ግማሽ መንገድ ሳትሄድ ጋሼ መስመር 3 ላይ ደርሰው 40 ብለው ጻፉ። ጥላዋ ጠፋች። «አስቀምጥ» ላይ ልትሄድ ስትነሳ እዚያም ቀደሟት። አጽድቅ በራ። ተጫኑት።

ቀስቷን እንዳዩዋት ጠየቅኳቸው። «የምን ቀስት?»

ቆይተው «ይቺን ዓረፍተ ነገር እኮ ቁልፏ ሥር ብትጽፋት ኤፍ 1ም አያስፈልግም ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ሠራሁት፤ መግለጫው ስላለ 11 መስመር ኮድ ብቻ ወሰደ። አሁን የደበዘዘ ቁልፍ ሁሉ ከሥሩ አንድ ነገር ይላል፣ የመጀመሪያውን ጉድለት ብቻ። ጥላ ቀስቷ አለች፣ ቦታው ለጠፋበት። የቪዲዮ ማምረቻውን ፎልደር ሰረዝኩት። ነገ «ዕቃ ማስተላለፍ» የሚለው ስክሪን ላይ ያሉትን ቅድመ ሁኔታዎች እለቅማለሁ፤ እሱ ላይ ደግሞ ዘጠኝ «ወይም» አለ።